ከመስከረም 21 በፊት፦ የመንግሥት ሠራተኛ ሥልጠና እንዴት ይነደፋል?

የሥራ ላይ ሥልጠና አንድ ሠራተኛ በተመደበበት የሥራ መደብ የሚጠበቅበትን ተግባር በሚፈለገው ደረጃ እንዲፈጽም ታስቦ የሚዘጋጅ ትምህርትና ልምምድ ነው። ከመደበኛው ትምህርት የሚለየው ውጤቱ በሚታይበት ቦታ ነው። የተማሪ ውጤት በፈተና ወረቀት ላይ ይታያል። የሠልጣኝ ሠራተኛ ውጤት ግን በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ በሚጠብቀው ባለጉዳይ፣ በታካሚው ካርድ ወይም በመሬት ይዞታ መዝገቡ ላይ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሥልጠና የሚነድፍ ሰው ርእስ ከመምረጡ በፊት የትኛው ሥራ እንደተበላሸ ይለያል፤ ብልሽቱ በሥልጠና የሚታረም መሆኑን ያጣራል፤ ማን መሠልጠን እንዳለበት ይወስናል፤ ልምምዱን ያዘጋጃል፤ ሠራተኛው ወደ ወንበሩ ከተመለሰ በኋላም ለውጥ መምጣት አለመምጣቱን ያያል።

ከእነዚህ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጀመሪያው ነው። ሥልጠና ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው አዳራሹ፣ አሠልጣኙና የውሎ አበሉ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ የተያዘው ገንዘብ ሳይሠራበት ተመላሽ እንዳይሆን በግንቦትና በሰኔ የሚጣደፉ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ርእሱ ከላይ ይወርዳል፤ ሠልጣኙ “እስካሁን ያልሄደ ማን አለ?” ተብሎ በተራ ይመረጣል፤ ስላይዱ ካለፈው ዓመት ይወሰዳል። በሦስተኛው ቀን ሰርተፊኬት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በአበል መክፈያው ላይ ይፈረማል። ሥራው ግን እንደነበረው ይቀጥላል።

አነዳደፉ በተጨባጭ ምን እንደሚመስል ለማየት በደቡብ ወሎ ዞን አምባሰል ወረዳ የምትገኘው ግሸን ጥሩ ማሳያ ናት። ግሸን ደብረ ከርቤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከመላው አገሪቱ እጅግ ብዙ ተሳላሚ የሚሰበሰብባት ናት። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግማደ መስቀሉ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ያረፈው በዚያ ነው፤ አምባውም ራሱ መስቀለኛ ቅርጽ አለው። ዙሪያው ገደል ነው። እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ድረስ የነገሥታቱ ወንድ ዘመዶች በጥበቃ ሥር ይኖሩበት የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያኔ ለጠባቂዎቹ የተመቸ መልክዓ ምድር ዛሬ ለጤና ባለሙያውና ለፖሊሱ ፈተና ሆኗል። ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሕፃን ያዘለችው እናት ሁሉም ዳገቱን ወጥተው በዚያው መንገድ ይመለሳሉ፤ ክረምቱም ገና ጓዙን አልጠቀለለም።

በዓሉ ለመንግሥት ሠራተኛ ያለው ልዩ ጠባይ የማይራዘም መሆኑ ነው። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ከዚያ እስከ መስከረም 21 ያለው ጊዜ 85 ቀን ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን 86። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወረዳው ባለሙያዎቹን፣ ፖሊሶቹን፣ የውኃና የንግድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞቹን ማዘጋጀት ይጠበቅበታል። የሁሉንም መከተል ጽሑፉን ስለሚያረዝመው እዚህ የጤናው ዘርፍ ብቻ በምሳሌነት ይታያል፦ አንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ለመስከረም 21 የሚሰማሩ ሠራተኞቹን ማሠልጠን ቢፈልግ ከየት ይጀምራል?

ከአዳራሽ የቀደመ ታሪክ

የመንግሥት ሠራተኛን ማሠልጠን ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በተባበሩት መንግሥታት የቴክኒክ እርዳታ በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ በ1987 ዓ.ም.፣ የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተከተሉ። በመካከሉ ቢፒአርና ቢኤስሲ እየተባሉ የሚታወቁት የለውጥ መሣሪያዎች መጡ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን የሥልጠና ማዕበል ይዘው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ የወረዳ ሠራተኛ ቢያንስ አንዴ የቢፒአር ስላይድ ፊት ሳይቀመጥ አልቀረም። የእነዚህ ሥልጠናዎች ደካማ ጎን አንድ ዓይነት ነበር፦ ከሠራተኛው ዕለታዊ ሥራ ሳይሆን ከመሣሪያው ጽንሰ ሐሳብ ይነሡ ነበር። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ስለ ለውጥ ፍልስፍና ሰምታ ትመለሳለች፤ የጠፋ ካርድ እንዴት በቶሎ እንደሚገኝ ግን ማንም አላሳያትም።

ከዚህ የተለየ መንገድ የተከተለው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር መጀመሪያ የተለየው ሥራው ነበር፤ በአንድ ቀበሌ ጤና ኬላ ምን መሠራት እንዳለበት በ16 ፓኬጆች ተዘረዘረ። ከዚያ ለሥራው የሚሆነው ሰው ተወሰነ፤ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ በተቻለ መጠን ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ ሴቶች፣ በቀበሌ ሁለት ሁለት። ሥልጠናው የመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው፤ አንድ ዓመት የፈጀ፣ ሰፊ የመስክ ልምምድ ያለው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎች ሠልጥነው ተሰማሩ። የንድፉ ቅደም ተከተል ትክክል ነበር ማለት ግን ስሕተት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ማዋለድ ከተግባራቸው አንዱ ሆኖ ሳለ ሥልጠናቸው ለዚህ በቂ እንዳልሆነ ቀስ በቀስ ታየ። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ኬላ መጥታ የምትወልድ እናት ቁጥር ትንሽ ስለነበረ የተማሩትን እንኳ የሚለማመዱበት ዕድል አልነበራቸውም። በኋላ ትኩረቱ እናቶች በጤና ጣቢያ እንዲወልዱ ወደ ማድረግ ዞረ፤ ለባለሙያዎቹም የተቀናጀ የማነቃቂያ ሥልጠና መጣ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠራ ሥራ አንዴ ተምረውት የሚያዝ አይደለም። የግሸን በዓል ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።

ጉድለቱ የማን ነው?

የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ የሚባለው ሥራ በብዙ ቦታ “ምን ሥልጠና ትፈልጋላችሁ?” የሚል መጠይቅ መበተን ሆኖ ቀርቷል። መልሱም የታወቀ ነው፦ ኮምፒውተር፣ እንግሊዝኛ፣ አመራር። ትክክለኛው ዳሰሳ መሠራት ያለበትን ከሚሠራው ጋር ያስተያያል። ለዚህ የሚሆኑ ምንጮች በእጅ ያሉ ናቸው። ለግሸን ቢሆን የመጀመሪያው ባለፈው ዓመት በበዓሉ ሰሞን የተያዘው የታካሚዎች መዝገብ ነው። ስንት ሰው መጣ? በምን ሕመም? በየትኛው ሰዓት በዛ? ስንቱ ሪፈር ተባለ? የትኛው መድኃኒት ቀድሞ አለቀ? መዝገቡ ያልያዘውን ደግሞ እዚያ የነበሩት ነርሶች፣ የጽዳት ሠራተኞችና ጥበቃዎች ይነግራሉ። በተለይ ጥበቃውን መጠየቅ አይረሳም፤ ታካሚ መጀመሪያ የሚያነጋግረው እሱን ነው።

ጉድለቱ ከተገኘ በኋላ ምክንያቱ ይፈለጋል። አሜሪካውያኑ ሮበርት ሜገርና ፒተር ፓይፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስፋፉት ጥያቄ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ሠራተኛው ግድ ቢሆንበት ሥራውን ሊሠራው ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነ የጎደለው እውቀት አይደለም። ለምሳሌ በበዓሉ ቀን የታየ የተቅማጥ ሕመምተኛ በዕለቱ ለወረዳው ሪፖርት ሳይደረግ ቀረ እንበል። ባለሙያዋ የትኛው ተቅማጥ ወዲያው ሪፖርት እንደሚደረግ አላወቀች ይሆናል፤ ይህ በሥልጠና ይታረማል። ቅጹ አልቆባት ከሆነ መፍትሔው ግዢና ማባዛት ነው። ስልኩ በሕዝብ ብዛት ተጨናንቆ አልሠራ ብሏት ከሆነ ሬዲዮ ወይም መልእክተኛ ያስፈልጋታል። ከዚህ በፊት ሪፖርት አድርጋ “ለምን ሽብር ትነዣለሽ?” ተብላ ከነበረ ደግሞ ጉዳዩ የአለቃዋ ነው። ከአራቱ ምክንያቶች በአዳራሽ የሚፈታው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ለአራቱም የሚታዘዘው መድኃኒት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥልጠና ነው።

በደቡብ ወሎ ይህን መለየት በተለይ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ በርካታ ጤና ተቋማትና መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ንብረትና ሰነድ ጠፍቷል። የጎደለው ሚዛን፣ አልጋ ወይም ኮምፒውተር በሆነበት ቦታ ሠራተኛን ደጋግሞ ማሠልጠን ቅሬታ ያበዛል እንጂ አገልግሎት አያሻሽልም። በመሬት አስተዳደርም ያው ነው። የአማራ ክልል ከአረንጓዴ ደብተር ተነሥቶ በካርታ የተደገፈ የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ወደ መስጠት፣ ከዚያም መዝገቡን በኮምፒውተር ወደሚይዝ ብሔራዊ ሥርዓት ተሸጋግሯል። ለሥርዓቱ ሥልጠና የግድ ነው፤ ነገር ግን የሠለጠነው አንድ ባለሙያ ቢሆንና እሱ ቢዛወር፣ መብራትም በሳምንት ግማሹን ባይኖር፣ ባለጉዳዩ የሚያገኘው መልስ “ሲስተም የለም” ነው።

የፈተና ውጤትም ብቻውን ምክንያት አይነግርም። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞቹንና አመራሮቹን ለብቃት ምዘና ፈተና አስቀምጦ ብዙ አነጋግሯል። እንዲህ ያለ ፈተና ማን ምን እንደማያውቅ ያሳያል፤ የሚያውቀውን የማይሠራው ማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ግን አያሳይም። ሥልጠና ነዳፊው የፈተናውን ውጤት ከሥራው መዝገብ ጎን አስቀምጦ ማንበብ አለበት።

ለግሸን ቅድሚያ የሚሰጠው ጉድለት የትኛው ነው? ብዙ ሕዝብ በጥቂት ውኃና በጥቂት መጸዳጃ ቤት ለቀናት በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያው ሥጋት ተቅማጥ፣ በተለይም ኮሌራ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የተከሰተው የኮሌራ ወረርሽኝ ለክልሉ የቅርብ ትውስታ ነው። ሁለተኛው ሥጋት ከመንገዱ የሚመጣ ነው፦ መውደቅ፣ ስብራት፣ የልብና የአስም ሕመም፣ ምጥ። ጥሩ ንድፍ ሁለቱን ይዞ ሌላውን ለሌላ ጊዜ ይተዋል። አሥራ ሁለት ርእስ በሦስት ቀን ማስተማር የሚሞክር ፕሮግራም አንዱንም አያስተምርም።

“ግንዛቤ ማስጨበጥ” ግብ አይደለም

በሥልጠና ሰነዶች ውስጥ እንደ “ግንዛቤ ማስጨበጥ” የተደጋገመ ሐረግ የለም። ጉዳቱ ሊለካ አለመቻሉ ነው፤ ግንዛቤው መጨበጥ አለመጨበጡን ማንም አያይም። ሮበርት ሜገር እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረበው መስፈርት እስካሁን የተሻለው ነው። በእሱ መሠረት አንድ የሥልጠና ግብ ሦስት ነገር ይናገራል፦ ሠልጣኙ ምን ይሠራል፣ በምን ሁኔታ ውስጥ፣ በምን ያህል ጥራት ወይም ፍጥነት። “ስለ ኮሌራ ግንዛቤ ማስጨበጥ” የሚለው በዚህ መስፈርት ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ “የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በድንኳን ውስጥ፣ በእጇ ባለው ዕቃ፣ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በትክክለኛው የውኃ መጠን በጥብጣ ለታካሚው ታጠጣለች፤ ከባድ የፈሳሽ ማጣት ምልክት ያለበትን ለይታ ሳትዘገይ ለነርሷ ታስተላልፋለች።”

“በእጇ ባለው ዕቃ” የሚለው አነጋገር ያለ ምክንያት አልገባም። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ ይህን የማያውቅ የጤና ባለሙያ የለም። ግን ተሳላሚው ይዞት የሚመጣው የሃይላንድ ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ የግማሽ ሊትሩ ነው። በአዳራሽ ውስጥ መስመር በተሰመረበት ጆግ የተለማመደች ባለሙያ በበዓሉ ሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን፣ ወረፋ በበዛበት ሰዓት ከረጢቱን በሙሉ ግማሽ ሊትር ላይ ልትገለብጠው ትችላለች። ጨውና ስኳሩ እጥፍ የሆነ ውህድ ደግሞ ታካሚውን፣ በተለይ ሕፃኑን፣ ይጎዳል። ስለዚህ ለልምምዱ የሚቀርበው ዕቃ ጆግ ብቻ መሆን የለበትም፦ ባለ ግማሹ፣ ባለ አንዱና ባለ ሁለት ሊትሩ ሃይላንድ፣ ጣሳና ጀሪካን ይደባለቁበታል። ሠልጣኟ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሞልታ ወደ አንድ ዕቃ ስትገለብጥ፣ ከረጢቱን ስትቀድ፣ ስታማስል፣ የበጠበጠችበትን ሰዓት በዕቃው ላይ ስትጽፍ አሠልጣኙ ቆሞ ያያል። በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው እንደሚደፋ ራሷ ትናገራለች። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ከአንድ ሰዓት ስላይድ ግን ይሻላል።

የሠልጣኝ መረጣውም ከግቡ ይከተላል። ለሥልጠና ጥሪ ሲመጣ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ኃላፊው ወይም የቡድን መሪው ነው። ኮሌራ በተጠረጠረበት ድንኳን ውስጥ ግን የሁሉንም ደኅንነት በእጁ የያዘው የጽዳት ሠራተኛው ነው። ክሎሪኑን የሚበጠብጠው፣ ወለሉንና ባልዲውን የሚያጸዳው እሱ ሆኖ ሳለ ስሙ በሠልጣኞች ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ለእጅ መታጠቢያ፣ ለወለልና ለቆሻሻው የሚውለው የክሎሪን ውህድ ጥንካሬ የተለያየ መሆኑን፣ የትኛው ባልዲ ለየትኛው እንደሆነ በቀለም ለይቶ ማወቅ ያለበት እሱ ነው። ለነርሷ፣ ለኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ለጽዳት ሠራተኛውና ለመዝጋቢው አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ አዳራሽ መስጠት ለአዘጋጁ ይቀለዋል፤ ለሠልጣኞቹ ግን ግማሹ ይበዛባቸዋል፣ ግማሹ ያንሳቸዋል።

አሠራሩ፦ ማሳየት፣ ማሠራት፣ ማረም

የሥራ ላይ ሥልጠና ዘዴ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካ ያቋቋመችው የኢንዱስትሪ ውስጥ ሥልጠና ፕሮግራም ነው። ልምድ ያለው ሠራተኛ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ ፋብሪካዎቹ ማሽን ነክተው በማያውቁ ሰዎች ተሞሉ። ፕሮግራሙ ለአለቆች ያስተማረው ባለ አራት እርምጃ ዘዴ ነበር፦ ሠልጣኙን አዘጋጀው፣ ሥራውን እያስረዳህ አሳየው፣ ራሱ እንዲሠራው አድርግ፣ ከዚያ ተከታተለው። ዘዴው ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻግሮ ካይዘን ለሚባለው አሠራር አንዱ መሠረት ሆነ። በካይዘን ስም የመጣው ሥልጠና ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ግን ብዙ ቦታ ከአራቱ እርምጃዎች የደረሰው ሁለተኛው ነው፣ እሱም በስላይድ።

ዘዴው ለአካባቢው ባዕድ አይደለም። ከግሸን ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥር አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙዎች የተማሩበት ገዳም ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይተኛም፤ ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ይደግመዋል። ቀድሞ የገባው የኋለኛውን ያስጠናል። የዛሬው የሥልጠና መጽሐፍ የአቻ ለአቻ ድጋፍ የሚለው ይህንኑ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሥልጠና ይህን ባህል ትቶ የዩኒቨርሲቲ ሌክቸርን መምሰል ለምን እንደመረጠ ለማስረዳት ያስቸግራል፤ ምናልባት ሌክቸር ለአሠልጣኙ ስለሚቀለው ይሆናል።

አሠልጣኝ ማለትም የግድ ማስተርስ ያለው ሰው ማለት አይደለም። የታመመ ሰው ከአምባው ማውረድ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። በወሎ ገጠር ሕሙምን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ማድረስን የሚያውቀው ቅሬው፣ ማለትም የአካባቢው መረዳጃ ማኅበር ነው። ቁልቁለት ላይ ጭንቅላቱ በየት በኩል መሆን እንዳለበት፣ ተሸካሚ በየስንት እርምጃ እንደሚቀያየር፣ ቃሬዛው በምን እንደሚታሰር፣ ሕዝብ በተጨናነቀበት ቦታ ፊት ሆኖ መንገድ የሚያስከፍተው ማን እንደሆነ የቅሬ ሰዎች ያውቁታል። ነርሷ ደግሞ አጥንቱ የተሰበረውን እንዴት እንደሚደገፍ፣ የመተንፈሻ አካሉን ማን እንደሚከታተል ታውቃለች። ሁለቱን አንድ ቃሬዛ ላይ አገናኝቶ፣ ከበዓሉ በፊት ባዶ በሆነው መንገድ ሰው ተሸክሞ ማውረድና ሰዓቱን መያዝ ከማንኛውም የአዳራሽ ቀን ይበልጣል። ባዶ መንገድ ላይ የፈጀው ጊዜ ሕዝብ ሲሞላ እንደሚረዝም ከታወቀ፣ ከላይ ምን ያህል ሕክምና መሰጠት እንዳለበትም በዚያው ይወሰናል። እንዲህ ያለ ልምምድ አንዳንዴ የዕቅዱን ስሕተት ያጋልጣል፤ ድንኳኑ የተተከለበት ቦታ ቃሬዛ የማያስገባ ሆኖ ይገኛል። ከበዓሉ በፊት መገኘቱ ትርፍ ነው።

ቋንቋውም በንድፉ ውስጥ ይገባል። ከፌዴራል የሚመጡ ማኑዋሎች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ አሠልጣኙ ስላይዱን በእንግሊዝኛ አንብቦ በአማርኛ ያስረዳል፣ ሠልጣኙ የሚገለብጠው ግን ስላይዱን ነው። በሥራ ቦታ የሚያስፈልገው በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ፣ በላስቲክ የተለበጠ ዝርዝር ነው። ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፤ ዝናብ አይጎዳውም፤ ተረኛው ቢቀየርም ይቆያል።

ከማዕከል ወደ ቀበሌ የሚወርደው የአሠልጣኞች ሥልጠናም የራሱ ችግር አለው። በፌዴራል ደረጃ አምስት ቀን የተሰጠው በክልል ሦስት፣ በዞን ሁለት፣ በወረዳ አንድ ቀን ይሆንና ቀበሌ ሲደርስ በስብሰባ መሐል የሚነገር ማስታወቂያ ሆኖ ያርፋል። በየደረጃው መጀመሪያ የሚቀነሰው ደግሞ ልምምዱ ነው። ይህን ለመቋቋም ከላይ የሚወርደው ስላይድ መሆኑ ቀርቶ የልምምዱ መመሪያ፣ የዕቃው ዝርዝርና መታዘቢያ ቅጹ ቢሆን ይሻላል። ስላይድ ሲያጥር ባዶ ይሆናል፤ ልምምድ ግን ቢያጥርም የሆነ ነገር ተሠርቶበት ነው የሚያልቀው።

ጊዜውና ገንዘቡ

ሥልጠናው መቼ ይሰጥ? በሐምሌ የተሰጠ በመስከረም ይረሳል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሙከራ ያልተደጋገመ ትምህርት በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት እንደሚሸሽ አሳይቷል። ስለዚህ ለግሸን የተሻለው ከፋፍሎ መስጠት ነው። ሐምሌ ለዳሰሳውና ለዕቃ ግዢው ይውላል፤ የነሐሴ መጨረሻ በየጤና ጣቢያው ግማሽ ቀን ለሚፈጅ የተግባር ልምምድ። መስቀል ካለፈ በኋላ፣ መስከረም 18 ወይም 19 ላይ፣ የሚሰማራው ቡድን በሙሉ በቦታው ተገኝቶ አጭር ማስታወሻና የቃሬዛውን ልምምድ ያደርጋል። ሦስት ቀን በተከታታይ አዳራሽ ከመቀመጥ ይህ በሰዓት ያንሳል።

የአበል ጉዳይ መነካት አለበት። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከኑሮው ጋር ሲተያይ የውሎ አበል የቤት ወጪ የሚሸፈንበት ገቢ ሆኗል፤ ይህን እንዳላዩ ማለፍ ሐቀኝነት አይደለም። በጤና ጣቢያው ግቢ የሚሰጥ የግማሽ ቀን ሥልጠና አበል ስለማያስከፍል ሠልጣኙ ቅር ሊለው፣ አዘጋጁም ሊለግምበት ይችላል። መፍትሔው ሥልጠናን ወደ ከተማ ሆቴል መመለስ አይደለም። በመመሪያው መሠረት ለበዓሉ ስምሪት የሚገባው ክፍያ በወቅቱ እንዲከፈል ማድረግና ሥልጠናውን ከገቢ ምንጭነት መለየት ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ወራት ዘግይቶ የሚከፈል የስምሪት አበል ለሚቀጥለው ዓመት የሚፈለገውን ፈቃደኝነት ከወዲሁ ይገድላል።

ውጤቱ የሚታይበት

አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው የግምገማ ዘዴ አራት ደረጃ አለው፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ በሥራው ላይ ተጠቀመበት ወይ፣ ሥራው ተሻሻለ ወይ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግምገማ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን አያልፍም። በመጨረሻው ቀን የሚሞላው ቅጽ “አቀራረቡ እጅግ ጥሩ ነበር፣ ጊዜው አጥሯል፣ ሻይ ቡናው ቢሻሻል” ይላል፤ ሪፖርቱም የሠልጣኞችን ቁጥር በፆታ ከፋፍሎ ያበቃል።

በግሸን ምሳሌ ሁለተኛው ደረጃ በልምምዱ ላይ ይታያል፤ ሁለት ጊዜ ያበላሸች ሠልጣኝ ሦስተኛ ትሞክራለች። ሦስተኛው ደረጃ በበዓሉ ቀን አንድ ታዛቢ በእጁ ስድስት ወይም ሰባት ነጥብ ያለው ቅጽ ይዞ በድንኳኖቹ መካከል በመዘዋወር የሚያየው ነው፦ ኦአርኤሱ በትክክል ተበጥብጧል? የተበጠበጠበት ሰዓት ተጽፏል? ባልዲዎቹ በቀለማቸው ናቸው? ታካሚው ተመዝግቧል? ሪፖርቱ በዕለቱ ወጥቷል? ታዛቢው ለመቅጣት ሳይሆን በቦታው ለማረም ነው የሚዞረው፤ ሠራተኛው ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ቅጹን ሲያይ ሥራውን ትቶ መደናገጥ ይይዛል። አራተኛው ደረጃ ከመዝገቡ ይወጣል፦ ታካሚው ከደረሰበት ሰዓት ሕክምና እስከጀመረበት ያለው ጊዜ ካለፈው ዓመት አጠረ ወይ? ስንቱ ሪፈር በሰዓቱ ወረደ? የታማሚው ቁጥር መቀነስ ብቻውን የሥልጠናው ውጤት ነው ተብሎ መወሰድ የለበትም፤ የዝናቡ፣ የውኃ አቅርቦቱና የመጸዳጃ ቤቱ ድርሻ ይበልጣልና።

ይህ ሁሉ በጥቅምት ተጠቃሎ መጻፍ አለበት። ሠራተኛ ይዛወራል፣ ኃላፊ ይቀየራል፤ የልምምዱ መመሪያ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ከቀረ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። የታዛቢው ቅጽ፣ ያለቀው መድኃኒት ዝርዝር፣ ቃሬዛው የፈጀው ሰዓትና በልምምዱ የተገኙት ስሕተቶች በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በአንድ ፋይል፣ አንድ ቅጂ ደግሞ በዞኑ ጤና መምሪያ ይቀመጣሉ። የሚቀጥለው ዓመት የፍላጎት ዳሰሳ ሐምሌ ላይ የሚጀመረው ከዚሁ ፋይል ነው።